የአዲስ ቤት የግድግዳ ልስን ጥራት አፈታተሽ፦ ቀለም ከመቀባቱ በፊት፣ ደረጃ በደረጃ

አብዛኛው ሰው ልስን የሚፈትሸው ክፍሉ መሃል ቆሞ፣ በቀን ብርሃን፣ በዓይኑ ብቻ ነው። በእጁ ዳበስ ያደርገዋል። ለስላሳ ነው። «ጥሩ ተሠርቷል» ብሎ ይወጣል። ጥቂት ወራት ያልፋሉ። ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ሶኬት ዙሪያ ይረግፋል፣ ቁም ሳጥኑ ሲገባ ከኋላው ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል።

ስህተቱ ልስላሴን ከጥራት ጋር አንድ ማድረግ ነው። ልስላሴ በስቱኮ (ከቀለም በፊት በሚቀባው ስስ ማለስለሻ) እና በቀለም ሊመጣ ይችላል። ልስኑ ግድግዳውን መያዙና ቀጥ ማለቱ ግን ከዚያ በኋላ አይመጣም። ስለዚህ ፍተሻችሁ ይህን ቅደም ተከተል ይከተል፦ መጀመሪያ ይዟል ወይ? ቀጥሎ ቀጥ ብሏል ወይ? ልስላሴው መጨረሻ ላይ ነው።

መመሪያው በዋናነት ለሲሚንቶና አሸዋ ልስን ነው። ጂፕሰም የሚለይባቸውን ቦታዎች በየመሃሉ እጠቅሳለሁ።

## ዝግጅት

### ቀኑን ምረጡ

ፍተሻው ከስቱኮ፣ ከቀለምና ከሴራሚክ በፊት መሆን አለበት። ስቱኮ አንዴ ከተቀባ ትንንሽ ስንጥቆች ይደበቃሉ። ሴራሚክ ከተለጠፈ ደግሞ ከጀርባው ያለውን ልስን ማየት አይቻልም።

በጣም መቸኮልም ጥሩ አይደለም። የሲሚንቶ ልስን የሚሰነጠቀው ሲደርቅ ነው። በሦስተኛው ቀን ሄዳችሁ ስንጥቅ ብታጡ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይለፈው። አራት ሳምንት ቢሆን ይመረጣል።

### ዕቃዎቹን አሰናዱ

- 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ የአልሙኒየም ዘንግ (ለሳኞች ስታጃ የሚሉት)
- ውሃ ልክ፣ ካገኛችሁም ቱንቢ (በክር የሚንጠለጠል ክብደት)
- ሜትር እና ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ)
- ጠንካራ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ
- የእንጨት እጀታ ያለው ትንሽ መዶሻ ወይም ትልቅ ካቻቢቴ
- ሚስማር፣ ጠመኔ፣ ማስታወሻ ደብተር
- ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ስስ ፕላስቲክ እና ማሸጊያ ቴፕ
- ጥቂት የባንክ ካርዶች እና ተራ የማተሚያ ወረቀት

ካርዱና ወረቀቱ ለልኬት ናቸው። የባንክ ካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። አራት ካርድ ሲደራረብ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የማተሚያ ወረቀት አንዱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሜትር ለማንበብ የሚያስቸግሩ ክፍተቶችን በእነዚህ ትለካላችሁ።

### ውሃ ልኩን ራሱን ፈትሹ

ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ውሃ ልኩን ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አስደግፉና አረፋው የት እንደቆመ እዩ። ከዚያ ያንኑ ቦታ ሳትለቁ፣ ግድግዳውን የነካው ጎን ወደ እናንተ እንዲዞር ገልብጡት። አረፋው በሁለቱም ጊዜ እኩል መቆም አለበት። ካልቆመ ውሃ ልኩ ተበላሽቷል። በተበላሸ ውሃ ልክ ከለሳኝ ጋር አትከራከሩ፤ ቱንቢ ተጠቀሙ። ቱንቢ በክርና በክብደት ስለሚሠራ አይዋሽም።

ስታጃውንም እንዲሁ። ጠርዙን ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ በርዝመቱ ተመልከቱ። የጎበጠ ከሆነ ቀይሩት።

ማስጠንቀቂያ። የሶኬትና የማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን ከመክፈታችሁ በፊት መብራቱን ከዋናው አጥፉ። ጣሪያ ስታንኳኩ መነጽር አድርጉ፤ ከምታንኳኩበት ቦታ ሥር በቀጥታ አትቁሙ።

## ለሳኞቹ ገና ሥራ ላይ ከሆኑ

ዕድሉ ካላችሁ አንድ ቀን በልስኑ ሰዓት ብቅ በሉ። ያ አንድ ቀን በኋላ ከሚደረግ ብዙ ፍተሻ ይበልጣል። እነዚህን እዩ፦

1. ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ይጠረጋል፣ ይረጥባል? ደረቅ ብሎኬት ከልስኑ ውስጥ ውሃውን ይመጥጣል። ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይደርቃል። ውሃ እየወረደበት ያለ ግድግዳም ልስን አይዝም። እርጥብ ሆኖ ላዩ ላይ ውሃ የማይታይበት ይሁን።
2. የኮንክሪት ምሰሶውና ቢሙ (አግድም የሚሄደው የኮንክሪት ተሸካሚ) ተወቅሯል? ኮንክሪት ለስላሳ ነው። በመሮ ካልተወቀረ ወይም ቀጠን ያለ የሲሚንቶና አሸዋ ውህድ ተረጭቶበት ሻካራ ካልሆነ ልስኑ ይለቃል።
3. ብሎኬትና ኮንክሪት በሚገናኙበት መስመር ላይ የሽቦ መረብ አለ? የኤሌክትሪክ ቱቦ የተቀበረበት ቦይ ላይስ?
4. ሲሚንቶና አሸዋው በምን ይለካል? ለውስጥ ግድግዳ 1 ሲሚንቶ ለ4 እስከ 6 አሸዋ የተለመደ ነው። በአካፋ ግምት ከሆነ አንዱ ግድግዳ ከሌላው ይለያያል። ሲሚንቶ ሲበዛ ይጠነክራል ብለው የሚያስቡ አሉ። የበዛ ሲሚንቶ ግን ይበልጥ ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል።
5. የጠነከረ ውህድ ላይ ውሃ ጨምረው መልሰው ያቦካሉ? ይህን ካያችሁ አስቁሙ። ውህዱ በተቦካ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ በሙቀት ጊዜ ከዚያም ባነሰ።
6. ማጠናቀቂያው ላይ ደረቅ ሲሚንቶ ይነሰንሳሉ? ቶሎ እንዲደርቅና እንዲያምር ይደረጋል። ውጤቱ ላዩ ጠንካራ፣ ውስጡ ደካማ የሆነና እንደ መረብ የሚሰነጠቅ ልስን ነው።
7. ውሃ ይጠጣል? የሲሚንቶ ልስን ከተለሰነ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል እርጥበት እንዲይዝ መደረግ አለበት። የጂፕሰም ልስን ግን ውሃ አይጠጣም፤ እንዲደርቅ ብቻ ይተዋል።

ካልደረሳችሁ አትጨነቁ። ቀጥሎ ያለው ፍተሻ እነዚህ ነገሮች መዘለላቸውን ከውጤታቸው ያሳያችኋል።

## ደረጃ 1፦ በብርሃን ተመልከቱ

1. ሲመሽ ጠብቁ ወይም መስኮቱን ጋርዱ።
2. ባትሪውን ግድግዳው ላይ ለጥፉት ማለት ይቻላል፤ ብርሃኑ ግድግዳውን ታክኮ ይሂድ። ፊት ለፊት አታብሩ። የፊት ለፊት ብርሃን ጉድለትን ይደብቃል።
3. አንድ ጊዜ ከጎን፣ አንድ ጊዜ ከታች ወደ ላይ አብሩ።
4. ጥላ የጣለውን ሁሉ በጠመኔ አክብቡ።

በተለይ በደረት ከፍታ አካባቢ አግድም የሚሄድ መስመር ፈልጉ። ለሳኙ መወጣጫ ላይ ሆኖ የላይኛውን ይለስንና ሲወርድ የታችኛውን ይቀጥላል። ሁለቱ የተጋጠሙበት ቦታ ብዙ ጊዜ ወይ ያበጠ ወይ የጎደጎደ ነው። በቀን አይታይም። ማታ መብራት ሲበራ ግን ከሶፋችሁ ላይ ሆናችሁ በየቀኑ ታዩታላችሁ።

በዚህ ደረጃ በምታዩት አትደንግጡ። ታክኮ የሚሄድ ብርሃን ጉድለትን ከልኩ በላይ ያጎላል። ምልክት አድርጉና እለፉ፤ ፍርዱ በስታጃ ነው። ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ መብራት ካሰባችሁ ወይም ከግድግዳው ጥግ ጀምሮ ትልቅ መስኮት ካለ ግን ጠበቅ በሉ። እዚያ ቦታ ብርሃኑ ሁልጊዜ ታክኮ ነው የሚመጣው።

## ደረጃ 2፦ በድምፅ ፈትሹ

ከሁሉም ደረጃ ይህ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን አሳጥሩ እንጂ ይህን አትዝለሉ።

1. በመዶሻው የእንጨት እጀታ በቀስታ አንኳኩ። መምታት አያስፈልግም።
2. በየ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትሩ፣ ከላይ ወደ ታች፣ መስመር ይዛችሁ ሂዱ።
3. የያዘ ልስን አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ያልያዘው ባዶ ሳጥን እንደተንኳኳ ይጮኻል።
4. ድምፁ የተቀየረበትን ጠርዝ በሁሉም አቅጣጫ ተከታተሉና ቅርጹን በጠመኔ ሣሉ።
5. ቅርጹ ውስጥ በመዳፍ ግፉ። ከተንቀሳቀሰ «ይነሳ» ብላችሁ ጻፉበት።

ሰው የሚሳሳትበት ቦታ። ብሎኬት ራሱ ውስጡ ቀዳዳ ነው። ከኮንክሪት ምሰሶ ወደ ብሎኬት ስትሻገሩ ልስኑ ምንም ባይሆን እንኳ ድምፁ ይቀየራል። ስለዚህ ብሎኬትን ከብሎኬት፣ ኮንክሪትን ከኮንክሪት ጋር ብቻ አነጻጽሩ። የብሎኬቱ ለውጥ ወጥ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሰማል። የለቀቀ ልስን ግን እንደ ደሴት ነው፤ ዙሪያው ጥቅጥቅ፣ መሃሉ ባዶ።

የማይረሱ ቦታዎች፦ የምሰሶና የብሎኬት መጋጠሚያ፣ ከቢም ሥር፣ የመስኮትና የበር ማዕዘን፣ የሶኬት ዙሪያ፣ ከወለሉ በላይ ያለው የመጀመሪያው ጉልበት ከፍታ፣ በር ሲከፈት የሚደበቀው ግድግዳ። ለሳኝ የሚደክመውና የሚቸኩለው እነዚህ ላይ ነው። ጣሪያው ከተለሰነ በረጅም ዘንግ እሱንም አንኳኩ።

## ደረጃ 3፦ ቀጥታነቱን ለኩ

### ሀ. ጉብታና ጉድጓድ

ስታጃውን ግድግዳው ላይ አግድም፣ ቁልቁል፣ ከዚያ በሰያፍ አስደግፉ። በስታጃውና በግድግዳው መሃል ያለውን ክፍተት በካርዶቹ ለኩ። ብዙ የግንባታ መመዘኛዎች በ2 ሜትር ርዝመት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈቅዳሉ። አራት ካርድ ካልገባ በጣም ጥሩ ሥራ ነው። ሰባት ካርድ ከገባ ይስተካከል።

ስታጃው መሃሉ ላይ አርፎ ጫፎቹ የሚወዛወዙ ከሆነ ጉብታ ነው። አንዱን ጫፍ ከግድግዳው ጋር አጣብቁና በሌላው ጫፍ የተፈጠረውን ክፍተት ለኩ። ግማሹ የጉብታው ግምት ነው።

### ለ. ቁልቁል መቆሙ

ስታጃውን በቁመት አስደግፉና ውሃ ልኩን ላዩ ላይ አጣብቁ። አጭር ውሃ ልክ ብቻውን ግድግዳ ላይ ማድረግ ትንንሽ ጉብታን ነው የሚያነበው። ከወለል እስከ ጣሪያ ባለው ከፍታ ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ ካዘነበለ መዝግቡት። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ላይ ከዚህም ጠበቅ አድርጉ፤ ካቢኔትና ሴራሚክ መዛባትን አጉልተው ያሳያሉ።

### ሐ. ማዕዘኑ

ስኳድራ ጥሩ ነው፤ ግን አጭር ስለሆነ ያታልላል። በሜትር እንዲህ አድርጉ፦

1. ከማዕዘኑ ተነስታችሁ በአንዱ ግድግዳ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርጉ።
2. በሌላው ላይ 80።
3. በሁለቱ ምልክቶች መሃል ያለውን ርቀት ለኩ። በትክክል 100 ከሆነ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው።

ሦስቱም ልኬት በአንድ ከፍታ ላይ ይሁን። 100 መሆን የነበረበት 100.5 ቢሆን ትንሽ ይመስላል። በ3 ሜትር ግድግዳ ጫፍ ላይ ግን ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ሴራሚክ በግድግዳው ጥግ ቀስ በቀስ እየጠበበ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ቦታ ካለ 120፣ 160 እና 200 ተጠቀሙ፤ ስህተቱ ያንሳል።

የማዕዘን መዛባት ብዙ ጊዜ የግንበኛው እንጂ የለሳኙ ጥፋት አይደለም። የተዛባ ግድግዳን በልስን ብቻ ለማቃናት የሞከረ ለሳኝ ካለ ደግሞ ልስኑ በአንድ ወገን በጣም ወፍሯል ማለት ነው። እዚያ ቦታ ተመልሳችሁ በደንብ አንኳኩ።

## ደረጃ 4፦ ጥንካሬውንና ውፍረቱን እዩ

በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ዞኮሎ (ከወለሉ ጋር የሚያያዘው የግድግዳ ግርጌ ጠርዝ) በሚሸፍነው ግርጌ ላይ፣ በሚስማር የመስቀል ምልክት ጫሩ። ጤነኛ የሲሚንቶ ልስን ቀጭን ጭረት ብቻ ይይዛል። ሚስማሩ በቀላሉ ከሰመጠና አሸዋው እየፈሰሰ ከወረደ ልስኑ ደካማ ነው። ወይ ሲሚንቶው አንሷል፣ ወይ አሸዋው አፈር አለበት፣ ወይ ውሃ አልጠጣም።

ሁለተኛ ፈተና አለ። የጫራችሁትን ቦታ በውሃ አርጥቡና በጣት እሹት። ጣታችሁ ላይ ጭቃ የሚመስል ነገር ከወጣ አሸዋው ውስጥ አፈር አለ ብላችሁ ጠርጥሩ።

የላዩ ቅርፊት ጠንካራ ሆኖ ሚስማሩ ከዘለቀ በኋላ ውስጡ ከላላ፣ ያ ከላይ ያልኩት የደረቅ ሲሚንቶ ነገር ነው። ስቱኮና ቀለም ሲደርብበት ቅርፊቱ አብሮ ሊላጥ ይችላል።

ጂፕሰምን በዚህ መለኪያ አትፍረዱ። ጂፕሰም በተፈጥሮው ለሚስማር ይሸነፋል። እሱ ላይ የምታዩት እየተፈረፈረ ዱቄት መሆን አለመሆኑን ነው።

ውፍረቱን ለማየት መብራቱን አጥፉና የሶኬት ሳጥን ጎን ተመልከቱ። ልስኑ ተቆርጦ የሚታይበት ቦታ ነው። የውስጥ ልስን በአማካይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር፣ የውጭው እስከ 20 ገደማ ይሆናል። 30 ካገኛችሁ በስንት ጊዜ እንደተለሰነ ጠይቁ። በአንድ ጊዜ ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ የተለጠፈ ልስን በራሱ ክብደት ይንሸራተታል። እያንዳንዱ ሽፋን ሻካራ ተደርጎና ጠንክሮ ቀጣዩ መምጣት አለበት።

## ደረጃ 5፦ ስንጥቁን አንብቡ

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ስፋቱ አንድ ነገር ይነግራችኋል፤ አቅጣጫው ግን ይበልጥ።

እንደ መረብ የተጠላለፈ፣ የፀጉር ያህል ቀጭን። ቶሎ የደረቀ ወይም ሲሚንቶ የበዛበት ልስን ነው። አንኳኩት። ድምፁ ጥቅጥቅ ካለ ችግሩ የላይ ነው፤ በጥሩ ስቱኮ ይሸፈናል። ባዶ ከጮኸ ይነሳ።

ቀጥ ያለ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል። ምሰሶና ብሎኬት የተገናኙበት መስመር ነው። ሁለቱ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ እኩል አይንቀሳቀሱም። መረብ አልተደረገም ወይም አልበቃም። በስቱኮ ብቻ ቢሞላ ይመለሳል። ከቢም ሥር አግድም የሚሄደውም የዚሁ ዘመድ ነው።

ከሶኬት ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን የሚሄድ። ከሥሩ የኤሌክትሪክ ቱቦ አለ። ቦዩ በደንብ አልተሞላም ወይም ቱቦው ወደ ላይ ቀርቦ ልስኑ ሳስቷል። እዚያ ላይ ምስማር አትምቱ።

ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን በሰያፍ የሚነሳ። ቀጭንና አጭር ከሆነ ማዕዘኑ ላይ መረብ ባለመደረጉ ሊሆን ይችላል። ከሰፋና ከረዘመ ግን ጉዳዩ ከልስን ያልፋል።

እንደ ደረጃ የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ የሚወጣ፣ ወይም በግድግዳው ሁለቱም ገጽ በአንድ ቦታ የሚታይ። ይህ የግድግዳው እንጂ የልስኑ ስንጥቅ አይደለም። ለሳኝ አትጥሩ። መሐንዲስ ጥሩ።

ስፋቱን በወረቀትና በካርድ ለኩ። ሁለት ወረቀት የማይገባበት ስንጥቅ የመድረቅ ስንጥቅ ነው ብሎ መጠበቅ ይቻላል። ካርድ የሚገባበት ከሆነ ክትትል ይፈልጋል፦ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ በእርሳስ መስመርና ቀን ጻፉ፤ ከአንድ ወር በኋላ ከመስመሩ አልፎ እንደሆነ እዩ። 5 ሚሊ ሜትር የደረሰ ስንጥቅ አይጠበቅም፤ ባለሙያ ወዲያውኑ ይየው።

ሌላም አለ። ግድግዳው ላይ የሳንቲም ያህል ሆነው ቦግ ብለው የፈነዱ ትንንሽ ጉድጓዶች ካያችሁ መሃላቸውን ተመልከቱ። ነጭ ወይም አፈር የሚመስል ፍሬ ካለ ውህዱ ውስጥ በውሃ በደንብ ያልበሰለ ኖራ ወይም የሸክላ አፈር ገብቷል። ፍሬው እርጥበት ሲያገኝ ያብጥና የላዩን ይገፋል። ሁለት ሦስት ቦታ ከሆነ ተጭሮ ይወጣና ይሞላል። ግድግዳው ሁሉ ከሆነ ቀለም አትቀቡ፤ ፍንዳታው ስላልጨረሰ ይቀጥላል።

## ደረጃ 6፦ እርጥበቱን ፈትሹ

1. ፕላስቲኩን ግድግዳው ላይ ዘርጉና አራቱንም ጎን በቴፕ አሽጉ።
2. ከ24 እስከ 48 ሰዓት ተዉት።
3. ሲነሳ ከግድግዳው ወገን ያለው ገጽ ጠል ከያዘ እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ ነው። ከክፍሉ ወገን ያለው ገጽ ብቻ ከረጠበ ግን ችግሩ የክፍሉ አየር ነው፤ መስኮት ክፈቱ።

ቢያንስ በሦስት ቦታ ሞክሩ፦ ከወለሉ አጠገብ፣ ከመታጠቢያ ቤት ጀርባ፣ ዝናብ በሚመታው የውጭ ግድግዳ በውስጥ በኩል። የሲሚንቶ ልስን ለቀለም አራት ሳምንት ገደማ ይጠበቅለታል። ከዚያ በኋላም አንድ ቦታ ብቻ ከረጠበ ቧንቧ ወይም ከመሬት የሚወጣ ውሃ ጠርጥሩ።

ነጭ የጨው ብናኝ ካያችሁ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። በውሃ አትጠቡት፤ ጨውን መልሶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ብናኙ ተመልሶ ከመጣ ውሃው የሚመጣበትን ሳታገኙ ቀለም አታስቡ።

## ደረጃ 7፦ ጠርዞቹን እዩ

ይህ አጭር ነው። የሶኬት ሳጥኖች ከልስኑ ጋር እኩል ይሁኑ፤ የሰመጠ ወይም የወጣ ሽፋኑ አይገጥምለትም። የመስኮት ፍሬም ዙሪያውን እኩል ይታይ፤ በአንድ ወገን ግማሹ በልስን የተዋጠ ፍሬም የተዛባ ጠርዝ ምልክት ነው። የወጡ ማዕዘኖችን ከላይ ወደ ታች በአንድ ዓይን ተመልከቱ፤ ማዕበል ካለ ያኔ ይታያል። ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት ቦታ ዞኮሎ የሚቀመጥበት ስለሆነ ስታጃ አድርጉበት።

## ለብቻቸው የሚፈተሹ ቦታዎች

ሴራሚክ የሚለጠፍበት ግድግዳ። እዚህ ልስላሴ ጥፋት ነው። ልስኑ ሻካራ መሆን አለበት። ውሃ የሚነካው ቦታ ላይ ጂፕሰም ካገኛችሁ አትቀበሉ፤ በተደጋጋሚ ሲረጥብ ይለሰልሳል፣ ይለቃል። ባዶ ድምፅም እዚህ ቦታ ላይ ትንሽ ብትሆን አይታለፍም፤ የሴራሚኩን ክብደት የሚሸከመው ልስኑ ነው።

የተለሰነ ጣሪያ። ባዶ ድምፅ ያለው ሁሉ ይውረድ። ከላይ የሚወድቅ ልስን ሰው ይጎዳል።

የውጭ ግድግዳ። ልስኑ መሬት ድረስ ወርዶ አፈሩን መንካት የለበትም። 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቁም፤ ካለዚያ ውሃውን ወደ ላይ ይስባል። ከመስኮት በታች ያለው ደፍ ወደ ውጭ ያዘንብል፤ ጥቂት ውሃ አፍስሱበትና ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ከዝናብ በኋላ ተመልሳችሁ መጥታችሁ ከቀሪው ቀድሞ የጠቆረውንና ዘግይቶ የደረቀውን ቦታ መዝግቡ። ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።

## ቤቱ ቀድሞ ከተቀባ

በድምፅ፣ በስታጃና በብርሃን መፈተሽ አሁንም ይቻላል፤ የቀረባችሁ ጭረቱና ትንንሾቹ ስንጥቆች ናቸው። ባትሪውን አስታክካችሁ ስታበሩ ቀለሙ የተለየ አንጸባራቂነት ያለው ጥፍጥፍ ከታየ ተጠግኗል ማለት ነው። ዙሪያውን አንኳኩ። ሳጥን ከፍታችሁ ጎኑን ስታዩ የስቱኮው ንብርብር 5 ሚሊ ሜትር ካለፈ ደግሞ ልስኑ የተዛባ ነበር፤ ስቱኮ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ለማለስለስ እንጂ ግድግዳ ለማቃናት አይደለም።

## ውሳኔው፦ ምን ይታለፍ፣ ምን ይጠገን፣ ምን ይነሳ

ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ስንጥቅ የሌለበት፣ ሲገፋ የማይንቀሳቀስ ባዶ ድምፅ በተራ የመኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ቢታለፍ አይከፋም። ከመዳፍ የበለጠ፣ ጠርዝ ላይ ያለ ወይም ስንጥቅ የተጨመረበት ተቆርጦ ይነሳ። አንድ ግድግዳ ላይ ባዶ ቦታው ሦስተኛው ያህል ከደረሰ ጥገና አታስቡ። የቀረውም በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ውህድ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው በሙሉ ይነሳ። እዚህ ላይ ልመናም ቁጣም ቢመጣ አትላሉ።

አሸዋ የሚረግፍ ደካማ ልስን ላይ ማጠንከሪያ ቀለም እንቀባለን የሚል መልስ ትሰሙ ይሆናል። ላዩ በስሱ ዱቄት ከሆነ ይሠራል። ሚስማር ከሰመጠ አይሠራም።

ከለሳኙ ወይም ከኮንትራክተሩ ጋር ስትነጋገሩ በደፈናው «ጥሩ አይደለም» አትበሉ። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ቁጥር ስጡ፣ ሜትር አጠገቡ ይዛችሁ ፎቶ አንሱ፣ በደብተሩ ላይ ክፍሉን፣ ቦታውን፣ ልኬቱን ጻፉ። «ሳሎን፣ የመስኮቱ ግድግዳ፣ ቁጥር 4፣ በ2 ሜትር 9 ሚሊ ሜትር» የሚል ነገር አያከራክርም። አብራችሁ እየዞራችሁ እሱም ራሱ ያንኳኳ። የመጨረሻው ክፍያ ከጥገናው በኋላ ይሁን።

## ጥገናው በትክክል መሠራቱን ተከታተሉ

1. ባዶው ቦታ እስከ ጤነኛው ልስን ጠርዝ ድረስ ይቆረጥ። ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፤ እየሳሳ የሚያልቅ ጠርዝ አይዝም።
2. ውስጡ ይጠረግ። ኮንክሪት ከሆነ ይወቀር። ይረጥብ።
3. ምሰሶና ብሎኬት መጋጠሚያ ላይ ከሆነ መረብ ይግባ፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይሻገር።
4. ጥልቅ ከሆነ በሁለት ጊዜ ይሞላ። ውህዱ ከነባሩ የጠነከረ አይሁን።
5. ጥገናው ላይ ስታጃ ይጎተት፤ በእጅ ብቻ የተስተካከለ ጥገና ያብጣል።
6. አንድ ሳምንት ውሃ ይጠጣ።

የመድረቅ ስንጥቅ ብቻ ከሆነ በስፓቱላ ማዕዘን በ«ቪ» ቅርጽ ከፈት ይደረጋል፣ አቧራው ይወጣል፣ ይሞላል፣ የመረብ ቴፕ ይለጠፍበታል። ሳይከፈት በላዩ የተቀባ ስቱኮ ስንጥቁን ይሸፍነዋል እንጂ አይሞላውም።

ጥገናው ዙሪያ አዲስ ቀጭን መስመር ከወጣ ጠርዙ አልረጠበም ወይም ውሃ አልጠጣም። አንኳኩ፤ ከያዘ መስመሩ ብቻ ይሞላ፤ ካልያዘ ጥገናው ከላይ ካለው ተራ ቁጥር 1 እንደገና ይጀመር። ሁሉም ከተጠገነ በኋላ የጠመኔ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየተከተላችሁ ድጋሚ አንኳኩ፣ ስታጃ አድርጉ። ጥገናው ከቀሪው ግድግዳ ዘግይቶ ይደርቃል፤ ስለዚህ ፕላስቲኩን በትልቁ ጥገና ላይ ለጥፉና ከግድግዳው ወገን ደረቅ ሆኖ ሲወጣ ቀለም ቀቢውን ጥሩ።